አንቷን ዳባዲ፤ የኢትዮጵያን ተራሮች በቁጥር የመዘገበ መንገደኛ

ተማሪዎች ሆይ፣ አንድ ሰው ከሩቅ አገር ተመልሶ ይህን አየሁ፣ ያንንም ለካሁ ቢላችሁ ቃሉን በምን ታረጋግጣላችሁ? አብሮት የተጓዘ ምስክር ከሌለ፣ የአገሩም ካርታ ገና ካልተሠራ፣ ሰምቶ ከማመን ወይም ሰምቶ ከመካድ በቀር ምን መንገድ ይኖራል? የዚህን ምንባብ ባለታሪክ በሕይወቱ መካከል የገጠመው ይኸው ጥያቄ ነው። ይህ ሰው በአገራችን ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ተጉዞ ሲመለስ ውሸታም ተብሎ ተከሰሰ። ለመከላከያም ያቀረበው ዋና ማስረጃ በየተራራው ላይ ቆሞ የጻፈው የቁጥር መዝገብ ነበር። ታሪኩን ስታነቡ፣ ቁጥር በሥርዓት ሲቀመጥ ምን ያህል ኃይል እንዳለው፣ ሥርዓት ሲያጣ ደግሞ እንዴት እንደሚያሳስት ልብ በሉ። በዚህ ምንባብ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንቷን ዳባዲ በ1810 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ተወለደ። አባቱ በደቡብ ፈረንሳይ ከሚኖረው ከባስክ ሕዝብ የሚወለድ ሰው ሲሆን እናቱ የአየርላንድ ተወላጅ ነበረች። በ1815 የተወለደው ታናሽ ወንድሙ አርኖ በኋላ የጉዞው ባልንጀራ ሆኗል። ቤተሰቡ ልጆቹ ገና ትንንሾች ሳሉ ወደ ፈረንሳይ ስለ ተመለሰ፣ አንቷን ያደገውና የተማረው በዚያ ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ ወደ አፍሪካ ለመጓዝ ቆርጦ ስለ ነበር የሥነ ፈለክን፣ የምድር ቅየሳንና የቋንቋን ትምህርት አጥብቆ ያዘ፤ ሰውነቱንም ለድካም አለማመደ።

የመጀመሪያ ተልእኮውን የሰጠው የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ነው። በ1836 ወደ ብራዚል ተልኮ የኮምፓስ መርፌ በቀኑ ልዩ ልዩ ሰዓት የሚያሳየውን ጥቂት መዛባት ተከታተለ። ይህ ሥራ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። መርፌው የሚዛባው እጅግ በጥቂቱ ስለ ሆነ፣ ሰዓቱ ያልተጻፈበት ንባብ ዋጋ የለውም። ወጣቱ ተመራማሪ አንድ ቁጥር ብቻውን ምንም እንደማይናገር፣ መቼ፣ የት፣ በምን መሣሪያ እንደ ተገኘ ሲጻፍለት ግን እንደሚናገር የተማረው እንዲህ ባለ ሥራ ነው።

በ1838 አንቷንና አርኖ ምጽዋ ደረሱ፤ ከዚያም ወደ ጎንደር አቀኑ። አንቷን አገሩን ካየ በኋላ የያዛቸው መሣሪያዎች ለሥራው እንደማይበቁ ስለ ተረዳ፣ የተሻሉትን ለማምጣት ወደ አውሮፓ ተመልሶ በ1840 ዳግመኛ መጣ። ወንድሙ አርኖ በዚህ መካከል በጎጃሙ ገዥ በደጃዝማች ጎሹ ዘንድ ወዳጅነትን አትርፎ ነበር። መሣሪያ ለማሻሻል ብሎ ይህን ያህል ባሕርና በረሃ ማቋረጥ ለብዙ ሰው ከንቱ ድካም ሊመስል ይችላል። ዳባዲ ግን በመነሻው የተበላሸ ልኬት በኋላ በሚደረግ ስሌት እንደማይታረም ያውቅ ነበር።

ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። በሰሜን ደጃዝማች ውቤ፣ በደብረ ታቦር ራስ አሊ፣ በጎጃም ደጃዝማች ጎሹ፣ በየፊናቸውም ሌሎች ገዥዎች ነበሩ። ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ለማለፍ ፈቃድ መለመን፣ አጃቢ መጠበቅ፣ አንዳንዴም ለወራት መቀመጥ ግድ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ሦስት እግር ባለው መቆሚያ ላይ የነሐስ መሣሪያ ዘርግቶ ወደ ተራራ የሚያነጣጥር ነጭ ሰው ምን ያህል እንደሚያጠራጥር ለመገመት አያስቸግርም። ዳባዲ ግን የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ ቋንቋዎቹንም ተምሮ፣ ከሊቃውንት ጋር ተቀምጦ ስለ ኖረ ሥራውን ሊቀጥል ቻለ።

እንግዲህ ሥራው ምን እንደ ነበር እንመልከት። በፈረንሳይ አገር ካርታ ሲሠራ ቀያሾች በመጀመሪያ ሜዳ ላይ አንድ ረጅም መነሻ መስመር በዘንግ ይለካሉ። ከዚያም በየኮረብታው ምልክት እየተከሉ፣ ማዕዘኖቹን እየለኩ፣ አገሩን በሦስት ማዕዘኖች መረብ ይሸፍኑታል። የአንዱ መስመር ርዝመት ከታወቀና ማዕዘኖቹ ከተለኩ የሌሎቹ መስመሮች ርዝመት በስሌት ይገኛል። ይህ ዘዴ ብዙ ሠራተኛ፣ ብዙ ጊዜና ሰላም ይጠይቃል። በኢትዮጵያ ግን ዳባዲ ሦስቱንም አላገኘም።

ስለዚህ ፈጣን የሆነ ሌላ ዘዴ አበጀ። በሚያርፍበት ከፍተኛ ቦታ ሁሉ ቴዎዶላይቱን ይተክልና በዙሪያው የሚታየውን እያንዳንዱን የተራራ ጫፍ በተራ እያነጣጠረ አቅጣጫውን ይለካል፤ የጫፉንም ከፍታ የሚያሳየውን ማዕዘን ይጨምርበታል። ፀሐይንና ከዋክብትን በመመልከት የቆመበትን ቦታ ኬክሮስ ያገኛል። በዘንግ በተለካ መነሻ መስመር ፈንታ የሁለት ቦታዎችን የኬክሮስ ልዩነት ተጠቀመ። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ በምድር ላይ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ልዩነቱና አቅጣጫው ሲታወቁ በቦታዎቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰላል። የቦታዎችን ከፍታ ደግሞ ውሃ የሚፈላበትን የሙቀት መጠን በመለካትም ያገኝ ነበር፤ ከፍ ባለ ቦታ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላልና።

አንድ ተራራ ከአንድ ቦታ ብቻ ከታየ ያለበት አቅጣጫ ይታወቃል እንጂ ርቀቱ አይታወቅም። ከሁለት ቦታ ከታየ ሁለቱ የእይታ መስመሮች በሚቋረጡበት ስፍራ ይገኛል። ከሦስተኛ ቦታ ከታየ ደግሞ ሦስተኛው መስመር የፊተኛዎቹን ሁለት ይፈትናቸዋል። ሦስቱ መስመሮች በአንድ ነጥብ ከተገናኙ ሥራው ደኅና ነው፤ ካልተገናኙ አንዱ ልኬት ተሳስቷል፤ ወይም ከሦስቱ ቦታዎች በአንዱ የታየው ጫፍ ሌላ ተራራ ነው። ለዚህ ነው የተራራው ስም በትክክል መጻፉ የማዕዘኑን ቁጥር በትክክል ከመጻፍ የማያንሰው። በአገራችን አንድ ተራራ ከወዲህና ከወዲያ ማዶ በሁለት ስም ሊጠራ፣ ሁለት ተራሮችም አንድ ስም ሊኖራቸው ይችላል። ዳባዲ ቋንቋ አጥኚም መሆኑ እዚህ ላይ እጅግ ጠቅሞታል።

ልኬቱ ሲያልቅ ስሌቱ ይጀምራል። ማዕዘንን ወደ ርቀት ለመለወጥ ሳይንና ታንጀንት የሚባሉትን የሒሳብ ዝምድናዎች መጠቀም ግድ ነው። በዚያ ዘመን እነዚህን የሚያሰላ መኪና ስላልነበረ፣ ቀያሹ ከታተመ ሠንጠረዥ ላይ ይፈልጋቸው ነበር። ማባዛቱንም ለማቅለል የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ይይዛል፤ በሎጋሪዝም ማባዛት ወደ መደመር ይለወጣልና። ዳሩ ግን ሠንጠረዦቹ ራሳቸው ስሕተት ነበረባቸው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ቻርልስ ባቤጅ በ1827 የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ ባሳተመ ጊዜ፣ ቁጥሮቹን ከሌሎች ሠንጠረዦች ጋር ደጋግሞ በማስተያየት ነበር ያረማቸው። ይኸው ሰው የስሌት መኪና ለመሥራት የተነሣው በእጅ የተሰሉ ሠንጠረዦች ስሕተት አሳስቦት ነው።

በግብአት ቁጥሮች መካከል ያለውን ልዩነት በምሳሌ እንየው። ሁለት የመቆሚያ ቦታዎች በ1,000 ሜትር ተራርቀው፣ ከመጀመሪያው ቦታ ወደ ተራራው ያለው ማዕዘን 80 ዲግሪ፣ ከሁለተኛው 85 ዲግሪ ይሁን። በተራራው ጫፍ ላይ የሚቀረው ማዕዘን 15 ዲግሪ ነው። ስሌቱን ብትሠሩት ተራራው ከመጀመሪያው ቦታ ወደ 3,849 ሜትር ይርቃል። አሁን የመጀመሪያው ማዕዘን በ6 ደቂቃ፣ ማለት በአንድ ዲግሪ አሥረኛ እጅ፣ ተሳስቶ 79 ዲግሪ ከ54 ደቂቃ ተብሎ ቢነበብ፣ ርቀቱ 3,824 ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 25 ሜትር ያህል ነውና ለካርታ ብዙም አይከፋም።

በሌላ በኩል የመጀመሪያው ማዕዘን 89፣ ሁለተኛው 90 ዲግሪ ቢሆን፣ በተራራው ጫፍ ላይ የሚቀረው 1 ዲግሪ ብቻ ነው። ርቀቱም ወደ 57,300 ሜትር ይደርሳል። ያንኑ የ6 ደቂቃ ስሕተት እዚህ ላይ ብንፈጽም ርቀቱ ወደ 52,100 ሜትር ይወርዳል። ስሕተቱ ያው ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከ25 ሜትር ወደ 5 ኪሎ ሜትር በላይ አደገ! እንግዲህ ሁለቱን ዓይነት ሦስት ማዕዘኖች በአንድ ከረጢት ከትቶ፣ የስሕተታቸውን አማካይ አውጥቶ መናገር ሁለቱንም አለማወቅ ነው። ብልህ ቀያሽ ቀጫጭኖቹን ሦስት ማዕዘኖች ለብቻ፣ ሰፋፊዎቹን ለብቻ ይመድባል፤ እያንዳንዱ ምድብ ምን ያህል እንደሚታመንም ለይቶ ይጽፋል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1843 ዳባዲ ከግቤ ወንዝ ማዶ ወደ ነበረው ወደ እናርያ መንግሥት ዘለቀ። የአገሩ ንጉሥ አባ ባጊቦ ተቀበሉት። ንጉሡ ከካፋ ቤተ መንግሥት ሙሽራ ለማምጣት መልእክተኞች በላኩ ጊዜ ዳባዲ ከእነርሱ ጋር ተጉዞ ካፋ ገባ፤ በቦንጋም ጥቂት ቀናት ቆየ። በዚያ ዘመን ካፋ በአውሮፓውያን ዘንድ በወሬ እንጂ በዓይን የማትታወቅ አገር ነበረች። በ1846 ከወንድሙ ጋር እንደገና ወደ ግቤ አገር ሄደ፤ በ1848 ኢትዮጵያን ለቆ ወደ አውሮፓ ተመለሰ።

በ1850 የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለሁለቱ ወንድማማቾች የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣቸው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በሸዋና በጎጃም የተጓዘው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ፣ ዳባዲ ካፋ አልደረሰም፣ ያልሄደበትን ሄድሁ ይላል ሲል በጽሑፍ ከሰሰው። ማኅበሩ ክሱን እንደ ፈለገው ስላልተቀበለለት፣ ቢክ ቀደም ሲል ከዚያው ማኅበር የተሸለመውን የወርቅ ሜዳሊያ መልሶ ሰጠ። ነገሩ ቀላል ክርክር አልነበረም። ዳባዲ አንድ ጊዜ ውሸታም ከተባለ፣ የሰበሰበው ሁሉ፣ ካርታውም፣ የቋንቋ ጥናቱም፣ የታሪክ ማስታወሻውም ከንቱ ሊሆን ነበር። የቢክንም ጥርጣሬ ያላግባብ ነው ብላችሁ ለመናቅ አትቸኩሉ። ያልታየን ነገር መረጃ አምጣ ብሎ መጠየቅ የዕውቀት ሕግ ነውና።

ዳባዲ ከ1860 ጀምሮ የኢትዮጵያ ቅየሳውን በተከታታይ ክፍሎች ማሳተም ያዘ፤ ሥራው በ1873 ተፈጸመ። በመጽሐፉ ውስጥ በየመቆሚያው ቦታ የተለኩት ማዕዘኖች ታትመዋል፤ ከእነርሱም በስሌት የተገኙት የቦታዎች አቀማመጥና ካርታዎቹ ቀርበዋል። ስሌቱን የመረመረውና መጽሐፉን ያዘጋጀው ደግሞ ዳባዲ ራሱ አልነበረም፤ ሮዶልፍ ራዶ የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። ራዶ ኢትዮጵያን አላየም። ቢሆንም ግብአቱ ሁሉ በሥርዓት ተጽፎ ስለ ተሰጠው፣ ተቀምጦ ስሌቱን ከመነሻው ሊፈትን ችሏል።

የዚህ አሠራር ጥቅም ምን እንደ ሆነ አስተውሉ። ዳባዲ የመጨረሻ ውጤቱን ብቻ አሳትሞ ቢሆን ኖሮ፣ አንባቢ የሚያምነው ወይም የሚክደው ሰውየውን ነበር። የተለካው ማዕዘን ከተሰላው ርቀት ተለይቶ ሲቀመጥ ግን፣ ወዳጅም ጠላትም ከያንዳንዱ ቁጥር ተነሥቶ ውጤቱን እንደገና ማውጣት ይችላል። ሐሰተኛ ሰው አንድ ርቀት ሊፈጥር ይችላል፤ ከብዙ ቦታዎች የታዩ፣ እርስ በርሳቸው የሚቋረጡ፣ አንዱ ሌላውን የሚፈትን እጅግ ብዙ ማዕዘኖችን መፍጠር ግን ከመጓዝ ይልቅ ይከብደዋል። በኋላ ዘመን የመጡ ተመራማሪዎች ዳባዲ ካፋ መድረሱን ተቀብለዋል።

ይሁን እንጂ ዳባዲ ከስሕተት ንጹሕ አልነበረም። ትልቁ ስሕተቱ የነጭ ዓባይን ምንጭ የሚመለከት ነው። በ1846 የግቤን ወንዝ መነሻ ባየ ጊዜ የነጭ ዓባይን ምንጭ እንዳገኘ አመነ፤ ለብዙ ዓመታትም በዚሁ አቋም ጸና። ግቤ ግን የኦሞ ወንዝ ገባር ነው። ኦሞም ወደ ደቡብ ፈስሶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል እንጂ ከዓባይ ጋር አይገናኝም። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1896 የኦሞን መድረሻ እስከ ሐይቁ ተከትሎ ይህን አረጋግጧል። ዳባዲ የት ላይ ተሳሳተ? የወንዙን መነሻ በዓይኑ አይቷል፤ የአካባቢውንም ተራሮች ለክቷል። ወንዙ ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚፈስ ግን አልለካም፤ የጎደለውን ልኬት በግምት ሞላው። ስለዚህ ቁጥሮቹ ሲጸኑ መደምደሚያው ወደቀ። በልኬት የተገኘው ከግምቱ ተለይቶ በመጻፉ አንዱ ሲወድቅ ሌላው አብሮ አልወደቀም።

በቀሪው ዕድሜው ዳባዲ ብዙ ሠራ። ከኢትዮጵያ ያሰባሰባቸውን ከ200 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት ዝርዝር በ1859 አሳተመ፤ መጻሕፍቱ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። በ1881 የአማርኛ ቋንቋ መዝገበ ቃላት በፈረንሳይኛ ትርጓሜ አወጣ። በ1892 የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠራ።

በባስክ አገር፣ በአንዳይ ከተማ አጠገብ፣ ባሕር በሚያይ አፋፍ ላይ ከ1864 ጀምሮ ያሠራው ግንብ ደግሞ የሕይወቱ መስታወት ነው ሊባል ይችላል። ግንቡን የነደፈው ስመ ጥሩው ቪዮሌ ለ ዱክ ነው። በግድግዳዎቹ ላይ የኢትዮጵያን ኑሮ የሚያሳዩ ሥዕሎችና በአማርኛ የተጻፉ ጽሑፎች ይታያሉ። በውስጡም የሥነ ፈለክ መመልከቻ አለ።

በዚህ መመልከቻ ዳባዲ አንድ የቆየ ሐሳቡን ሥራ ላይ አዋለ። እርሱ ክብ በ360 ዲግሪ፣ ዲግሪ በ60 ደቂቃ፣ ደቂቃ በ60 ሰከንድ መከፈሉን አይወድም ነበር። በምትኩ ክብ በ400 ግራድ ተከፍሎ፣ ግራዱም እንደ ማንኛውም ቁጥር በአሥረኛና በመቶኛ እጅ እንዲከፈል ይሟገት ነበር። ለምሳሌ የ25 ዲግሪ ከ47 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ እኩሌታ ስንት ነው ብትባሉ፣ 12 ዲግሪ ከ53 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ለማለት ጥቂት ማሰብ አለባችሁ። ያው ማዕዘን በግራድ ሲጻፍ 28.66 ያህል ነው፤ እኩሌታውም 14.33 መሆኑ ወዲያው ይታያል። በቀን ውስጥ ብዙ ንባብ ለሚመዘግብ ሰው ይህ ልዩነት የድካምና የስሕተት ልዩነት ነው። ቁጥር የሚጻፍበት መልክ ራሱ ስሕተትን ሊያበዛ ወይም ሊቀንስ እንደሚችል ዳባዲ ከብዙ ሰው ቀድሞ ተረድቶ ነበር።

ዳባዲ ልጅ አልነበረውም። ግንቡንና ሀብቱን ለሳይንስ አካዳሚ ሲያወርስ አንድ ግዴታ ጨመረበት፤ ይኸውም አካዳሚው በ50 ዓመት ጊዜ ውስጥ የ500,000 ከዋክብትን አቀማመጥ የያዘ መዝገብ እንዲያዘጋጅ ነው። በ1897 በ87 ዓመቱ ዐረፈ፤ በዚያው በግንቡ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ከእርሱ በኋላ መመልከቻውን ይመራ የነበረው ቬርሻፌል የተባለ ካህን ሲሆን፣ እርሱና ረዳቶቹ ከዋክብቱን በየሌሊቱ እየለኩ መመዝገባቸውን ቀጠሉ። መመልከቻው ሥራውን ያቆመው በ1975 ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ወግ አይምሰላችሁ። ዛሬ የሳይንና የታንጀንት ሠንጠረዥ የሚገልጥ ቀያሽ እምብዛም አይገኝም፤ ሥራውን ኮምፒዩተር ተክቶታል። በኮምፒዩተሩም ውስጥ እነዚህን ዝምድናዎች የሚያሰሉ፣ ለሁሉም ፕሮግራም የሚያገለግሉ የተዘጋጁ ትእዛዛት አሉ። እነርሱም እንደ ጥንቱ ሠንጠረዥ መፈተን አለባቸው፤ በትክክል ያሰላሉ ወይ? በምን ያህል ፍጥነት? ፈታኞቹ ለዚህ ብዙ የግብአት ቁጥሮችን ያሰናዳሉ። ለዜሮ የቀረቡትን በአንድ ምድብ፣ መካከለኞቹን በሌላ፣ ለ90 ዲግሪ የቀረቡትን በሦስተኛ፣ እጅግ ትልልቆቹን በአራተኛ ያኖራሉ። ለያንዳንዱ ምድብ ስም ይሰጡታል፤ ቁጥሮቹ ከየት እንደ መጡና ለምን እንደ ተመረጡ ይጽፋሉ። ምክንያቱም ኮምፒዩተሩ አንዳንዱን ቁጥር በቅጽበት ሲያሰላ፣ ሌላውን በትክክል ለማጠጋጋት ብዙ ተጨማሪ አኃዞችን ማስላት ሊኖርበት ይችላል። ሁሉን ቀላቅሎ አንድ አማካይ ጊዜ ማውጣት የዘገየውን በፈጠነው ውስጥ ይደብቀዋል። የአንድ ዲግሪውን ሦስት ማዕዘን ከ15 ዲግሪው ጋር ቀላቅሎ እንደ መናገር ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት ለትልልቅ ሊቃውንት ብቻ የተተወ አይደለም። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘውን ቆሼን አስቡ። በምዕራብ በኩል የወጨጫ ተራራ፣ በሰሜን እንጦጦ ያሉበት አካባቢ ነው። የከተማዋ ቆሻሻ ለ50 ዓመት ያህል በዚያ ሲከመር ቆይቶ፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ በሥሩ ይኖሩ የነበሩ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። እንዲህ ያለው ክምር በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚያድግ፣ አጠገቡ የሚኖር ሰው ለውጡን በዓይኑ ብቻ ሊያውቀው አይችልም። ቁጥር ግን ያውቀዋል። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ የክምር ገጽ በ60 ሜትር አግድም ርቀት 30 ሜትር ከፍ ቢል፣ ታንጀንቱ 0.5 ነው፤ የቁልቁለቱ ማዕዘንም 26 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ይሆናል። ከዓመት በኋላ ከፍታው 36 ሜትር ከደረሰ ማዕዘኑ ወደ 31 ዲግሪ ይጠጋል። ነገር ግን የሁለተኛው ዓመት ለኪ የመጀመሪያው የት ቆሞ እንደ ለካ፣ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው ቀን እንደ ሆነ ካላወቀ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ሊያስተያያቸው አይችልም። ሥርዓት ያጣ መዝገብ ካልተመዘገበ አይሻልም፤ ማስጠንቀቂያም አይሆንም።

እንግዲህ ከዳባዲ ሕይወት የምንወስደው ትምህርት ሁሉን እንደ እርሱ እንድናደርግ አያስገድደንም። ተራራ ለመለካት አሥር ዓመት መጓዝ የሁሉም ዕጣ አይደለም። ነገር ግን እናንተ በክፍላችሁ የዝናብን መጠን ስትለኩ፣ በገበያ የእህል ዋጋ ስትጠይቁ፣ ወይም በመንደራችሁ የጉድጓዱን ውሃ ጥልቀት ስትመዘግቡ፣ አራት ነገሮችን አትርሱ። በዓይናችሁ ያያችሁትን ቁጥር በስሌት ካገኛችሁት ለዩት። ቀኑን፣ ቦታውንና መሣሪያውን ጻፉ። የማይመሳሰሉትን በየምድባቸው አኑሩ። የገመታችሁትንም ገመትሁ ብላችሁ አመልክቱ። ይህን ካደረጋችሁ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ እናንተን የማያውቅ ሰው መዝገባችሁን ገልጦ ሥራችሁን ሊፈትን፣ ስሕተታችሁንም ሊያርም፣ ከእናንተም ጀምሮ ወደ ፊት ሊራመድ ይችላል።

መልመጃ

1. ዳባዲ በዘንግ የተለካ መነሻ መስመር ሳይኖረው ርቀትን ለማስላት የቻለው እንዴት ነው? በራሳችሁ አባባል በአንድ አንቀጽ አስረዱ።

2. የቢክ ክስና የራዶ ምርመራ ምን ግንኙነት አላቸው? ዳባዲ ውጤቱን ብቻ አሳትሞ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ እንዴት ሊያልቅ ይችል እንደ ነበር ገምቱ።

3. «ምድብ»፣ «ግብአት»፣ «መደምደሚያ»፣ «ግምት» የሚሉትን ቃላት በየራሳቸው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

4. በምትኖሩበት አካባቢ በየጊዜው ቢለካ የሰው ሕይወትን ወይም ንብረትን ሊያድን የሚችል አንድ ነገር ምረጡ። መዝገቡ ምን ምን ዓምዶች ሊኖሩት እንደሚገባና ለምን እንደ ሆነ የሚገልጽ የሁለት ገጽ ድርሰት ጻፉ።